ዳይስ ስላለ ቁማር ነው ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ደብረ ማርቆስ አርፍዶም ቢደርስ ከማያመልጣቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ላይ ግን ሰነፍ ነኝ። አሁን ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው።

እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን የድሮ ጦርነቶችን ጠረጴዛ ላይ እንጫወታለን። በእጃችን ሠርተን፣ በእጃችን ቀብተን ባዘጋጀናቸው ትናንሽ ወታደሮች ነው የምንጫወተው። እርስ በርሳችን “ዘመቻ” ነው የምንለው። “ቅዳሜ ዘመቻ አለ፣ እንዳትቀር” ተባብለን እንደዋወላለን። ለአድዋ በዓል ለተማሪዎች ብናሳይ ጥሩ ነው ብለን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። ያነጋገሩን ሰው መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ወታደሮቹን አይተው ሳቁ። አንዱን ፈረሰኛ አንስተው አገላብጠው አዩት፣ “ይሄን ማነው የሠራው?” ብለው ጠየቁ። ከዚያ ከካርቶኑ ጥግ ዳይሶቹን አዩ። “ይሄማ ቁማር ነው፣ ተማሪ ፊት አይወጣም” አሉን። በቃ፣ ካርቶናችንን ተሸክመን ወጣን።

ሰውየውን አልወቅስም። የትምህርት ቤቱን ስምም አልጠራም። ግን እንደሳቸው የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ ነገሩን ላስረዳ።

ጠረጴዛችን እውነተኛ ጠረጴዛ አይደለም። አንዱ ጓደኛችን አናጺ ነው፣ ደንበኛ አዝዞ ያልወሰደውን በር በርጩማ ላይ አጋድመን ነው የምንጫወተው። ተራራው ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም ተቆርጦ ይሠራል። ሳሩ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። ወንዙ ሰማያዊ ተቀብቶ ቫርኒሽ የፈሰሰበት ካርቶን ነው። ወታደሮቹ ከአውራ ጣት አይበልጡም፣ አምስት ስድስት ሆነው ቁራጭ ፕላይውድ ላይ ተለጥፈው ይቆማሉ፣ ያ ቁራጭ አንድ ቡድን ነው። ጉዞው በሜትር ይለካል። እግረኛ በአንድ ተራ 15 ሳንቲሜትር ይሄዳል፣ ፈረሰኛ 30፣ ዳገት ከሆነ ግማሹን።

ተኩሱ ነው በዳይስ የሚወሰነው። አሥር ሰው ቢተኩስ አሥሩም አይመታም። ጠመንጃው ይነክሳል፣ ጭሱ ዓይን ይጋርዳል፣ የአንዱ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ በምን ታሳየዋለህ? አንድ ቡድን ሲተኩስ ስድስት ዳይስ ይጥላል። ጠላት ሜዳ ላይ ከሆነ 4፣ 5 ወይም 6 የወጣው ሁሉ መትቷል። ድንጋይ ከለላ ከያዘ ግን 6 ካልወጣ አይነካም። ይህን አንዴ ያየ ልጅ የድሮ ሰዎች ለምን ድንጋይ ለድንጋይ እየተጠጉ እንደሚዋጉ አስተማሪ እስኪነግረው አይጠብቅም፣ ራሱ ነው ሰዎቹን እየገፋ ወደ ድንጋዩ የሚያስጠጋቸው። ሰው በሞተበት ቁጥር ደግሞ የቡድኑ ልብ ይፈተናል። ዳይሱ መጥፎ ከወጣ ቡድኑ ልቡ ከድቶት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የፈለግከውን ያህል ብትጮህ አይመለስም።

ቁማር ማለት ገንዘብ ተይዞበት ነው። እኛ ጋ የሚያዝ ነገር ቢኖር ቡና ነው፣ የተሸነፈ የሁላችንን ይከፍላል። ይህም ቁማር ነው ከተባለ እንግዲህ እዚህ ከተማ ያለው ካራምቡላ ቤትና ጆተኒ ቤት ሁሉ ይዘጋ።

ነገሩ ሲጀመርም የልጅ ጨዋታ አልነበረም። በ1824 እ.ኤ.አ. ራይስቪትዝ የሚባል ወጣት የፕሩሲያ መኮንን ካርታ ላይ የብረት ቁርጥራጮችን እያንቀሳቀሰ፣ ዳይስና ዳኛ ጨምሮ የጦር ጨዋታውን ለአለቆቹ አሳየ። የጦሩ ኤታማዦር ሹም ወደዱትና ለሠራዊቱ እንዲዳረስ አደረጉ። ቀለም የተቀቡ ወታደሮችን ይዞ ከጓደኛ ጋር መጫወት ከዚያ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። ዛሬ በውጭ አገር 28 ሚሊሜትር፣ 15 ሚሊሜትር እየተባለ በቆርቆሮ ቅይጥና በፕላስቲክ ተሠርቶ በሱቅ ይሸጣል። የኛም አገር ቢሆን ሰንጠረዥ የሚባል የራሱ ቼዝ አለው። በጥንቱ ሰንጠረዣችን ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ ያሰልፋሉ። “ወረራ” ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኛም ይህን ወስደን ወደ ዘመቻችን አስገብተነዋል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ እየተሯሯጡ ሲያሰልፉ ያለውን ግርግር ብታዩት፣ አንዱ የሌላውን ክርን ይገፋል፣ ፈረሰኛው ይወድቃል፣ ዳኛው ይጮኻል።

ስለ ወታደሮቹ አሠራር ትንሽ ካላወራሁ ደብዳቤው ደብዳቤ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ከጨዋታው ይልቅ ጊዜያችንን የሚበላው እሱ ነው።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። አጉሊ መነጽሩም ትዊዘሩም ሱቄ ውስጥ አለ። አጥንቱን ከቀጭን የመዳብ ሽቦ እጠማዝዘዋለሁ። ሥጋው የቧንቧ ሠራተኞች ቀዳዳ የሚደፍኑበት፣ ሁለቱን ቀላቅለህ ስታሸው የሚጠነክረው ማጣበቂያ ነው። ሳይደርቅ በመርፌ የጋቢውን እጥፋት ታወጣለህ። ጦሩ ስንደዶ ነው፣ እናቴ ለሰፌድ ካስቀመጠችው ላይ ነው የምወስደው (ታውቃለች፣ ዝም ብላኛለች)። ጎፈሩ ከበግ ጸጉር ይሠራል። ጋሻው ምስር ነው። አዎ፣ ያልተከካ ድፍን ምስር። ክብ ነው፣ ደረቱ ወጣ ያለ ነው፣ ልኩ ቁጭ ያለ ነው። አንድ ክረምት ታዲያ አይጥ ካርቶኑ ውስጥ ገብታ የአንድ ክንፍ ጦር ጋሻ ሙልጭ አድርጋ በላችው። ከዚያ ወዲህ ምስሩን መጀመሪያ ኮላ ውስጥ ነክረን እናደርቀዋለን።

ቀለሙ ላይ ጌታው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፈው ጓደኛችን ነው። ነጭ ልብስ እንዴት እንደሚቀባ ያስተማረን እሱ ነው። ለነጭ ጋቢ ነጭ ቀለም ብቻ ብትቀባ ሰውየው ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ግራጫ ትቀባለህ። ከዚያ ውሃ የበዛበት ቡናማ ታፈስበታለህ፣ እሱ ራሱ ሄዶ እጥፋቱ ውስጥ ይተኛል። ሲደርቅ ነጩን ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ታስነካዋለህ። መጨረሻ ላይ ጥለቱን በአንድ ጸጉር ብሩሽ። ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምትቀባው። አንድ ሰው ሙሉ ምሽት ሊወስድ ይችላል፣ መብራት ካልሄደ።

ጣልያኖቹ ይቀላሉ፣ የካኪ ልብስና የፀሐይ ባርኔጣ ናቸው። ቤርሳልዬሪ የሚባሉት ባርኔጣቸው ላይ ላባ አላቸው። አስካሪዎቹ፣ ለጣልያን ያደሩት የአገሬው ወታደሮች፣ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ያደርጋሉ፣ የወገባቸው መቀነት ቀለም እንደየሻለቃቸው ይለያያል። የነሱ ነገር በፎቶም በጽሑፍም ስላለ አንጨነቅም። የሚያስጨንቀን የራሳችን ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

አድዋን ስንጫወት መጀመሪያ የመጣው ችግር ሒሳብ ነው። የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ይዞት የመጣው ጦር 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነው። የኛ ወደ 100 ሺህ ይገመታል። አንዱን ወታደር እንደ 100 ሰው ብንቆጥረው ለጣልያን 177፣ ለኛ 1,000 ሠርተን መቀባት ሊኖርብን ነው። ትዳር ያለው ሰው ይህን አይችልም። ስለዚህ አንዱን እንደ 500 ቆጠርነው፣ ጣልያን 35፣ እኛ 200 ሆንን። እሱም አልሞላልንም። መላው ምን ሆነ? የኛ ወገን ሲወድቅ ያው ወታደር ከጠረጴዛው ኋላ ዞሮ፣ አሁን የደረሰ ጦር ሆኖ ይገባል። ጣልያን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ገደልኩት ያለውን ሰው መልሶ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ነው እንግዲህ ለተማሪዎች ላሳይ የፈለግሁት።

ሌላም አለ። የካቲት 22 ማታ ጣልያኖቹ ተነስተው በጨለማ ሲጓዙ ካርታቸው ስህተት ነበረበት። ኪዳነ ምሕረት ብለው የጻፉት ኮረብታ አንድ ቦታ፣ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ሌላ ቦታ። ከጄኔራሎቻቸው አንዱ አልቤርቶኔ እውነተኛውን ይዤ ልቁም ብሎ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ፣ ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ተገኘ። በኛ ጨዋታ አልቤርቶኔን የያዘው ሰው የሚሰጠው ያው የተሳሳተው ካርታ ነው። ዳኛው እውነተኛውን መሬት የሚገልጽለት ከደረሰ በኋላ ነው። ስንቱ ተሳድቧል መሰላችሁ።

ብልጥ ልጅ ጣልያን ከደረሰው ደግሞ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ጣልያኖቹ ከሰፈሩበት ከሳውሪያ አልነቃነቅም ይላል። ትክክል ነው እኮ! የምኒልክ ጦር ስንቁ እያለቀ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሚመግብ አገር የለም። ጣልያን ጥቂት ቀን ቢታገስ የምኒልክ ጦር ከሰፈረበት ሊነሳ ይችል ነበር። ባራቲዬሪም ይህ ጠፍቶት አልነበረም። ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም ይነዘንዘዋል፣ ጄኔራሎቹም ተሰብስበው እንዋጋ አሉት። ስለዚህ የቴሌግራም ካርድ ሠርተናል። ቁጭ ያለ ሰው በየተራው አንድ ካርድ ያነሳል፣ ካርዶቹ ሲጠራቀሙ ሳይወድ በግዱ ይነሳል።

እኔ ሽለላና ፉከራ አልጠላም። የካቲት 23 ቀረርቶ ሲሰማ ጸጉሩ የማይቆም ጎጃሜ ካለ አላየሁትም። ግን ልጆቻችን ስለ አድዋ የሚያውቁት “በጎራዴ ድባቅ መታናቸው” የሚለውን ብቻ ከሆነ የአባቶቻችንን ሥራ ግማሹን ቀማናቸው። የስንቁን ነገር፣ የሰላዩን ነገር፣ የመሬቱን ነገር፣ የመቶ ሺህ ሰው ዱቄትና በቅሎ የት እንደተገኘ ማን ይንገራቸው? ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ሲያልቅ ጦርህ እንደሚከሳ ታያለህ።

እምባቦን ስንጫወት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እምባቦ በ1874 ዓ.ም. የኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ምኒልክ ከአባይ ማዶ ሆሮ ጉዱሩ ላይ የተዋጉበት ነው። ከዚያ በፊት በ1873 አጼ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ቀብተዋቸዋል። ምኒልክም ያንኑ የከፋን አገር ይፈልጉታል። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ቡናው የሚመጣው ከዚያ ነው። ውጊያው ላይ የምኒልክ የጦር አለቃ የራስ ጎበና ፈረሰኞች ከባድ ሥራ ሠሩ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፣ ምኒልክም ቁስላቸውን አስታመሟቸው። ከ14 ዓመት በኋላ ሁለቱ አድዋ ላይ በአንድ ወገን ቆሙ።

እንግዲህ ማርቆስ ውስጥ፣ ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ባቆሙበት ከተማ፣ ሸዋ የሚሆነው ማነው? ማንም። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ጎጃም ነኝ አለ። አሁን በዕጣ ነው። ጎበና የደረሰው ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ይጀምርና ፈረሰኞቹ 30 ሳንቲሜትር በአንድ ተራ መጋለብ ሲጀምሩ ይለወጣል፣ በጎበና የፈረስ ስም አባ ጥጉ እያለ ይፎክራል። ቂም ይዞ የመጣ ሰው የሌላውን ወንበር አንድ ከሰዓት ሲቀመጥበት ጨዋታው ይቀየራል። እኔ ራሴ ከጎበና በኩል ሆኜ ሳየው ነው የኛ ሰዎች ከኋላቸው አባይን ይዘው መዋጋታቸው ምን ያህል አደገኛ እንደነበር የገባኝ። ክረምት ሊገባ ነው፣ ወንዙ ሊሞላ ነው፣ ቢሸነፉ የት ይገባሉ?

በነገራችን ላይ አናጺው ለእምባቦ ሜዳ ባሕር ዛፍ ሠርቶ መጥቶ ነበር። በጣም ያምር ነበር፣ ግን አስነሳነው። በ1874 ባሕር ዛፍ አገራችን ገና አልገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የጎረቤታችን እናት አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ገብተው ጠረጴዛውን አዩ። “አይ ልጆቼ፣ ጦርነት አነሰን ብላችሁ ነው?” አሉ። መልስ አልነበረንም። እዚህ አገር ተኩስ የሚሰማው ከሬዲዮ አይደለም። እሳቸው የሚሉት እውነት ስለሆነ “ይሄ እኮ ጨዋታ ነው እማማ” ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ያን ዕለት ተነጋግረን አንድ ሕግ አወጣን። ከ1933 ወዲህ ያለ ጦርነት ጠረጴዛችን ላይ አይወጣም። ባል፣ ልጅ፣ ወንድም የሞተባት ሴት በሕይወት ካለች ያ ጦርነት ጨዋታ አይሆንም። አንድ የኛ ወጣት “ለመማር ነው” ብሎ ተከራክሮ ነበር። ለመማር ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፣ ዳይስ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ያሉትን ሰው እንኳን ልደግፋቸው ዝግጁ ነኝ።

የ1933ቱ ራሱ አከራክሮን ነበር፣ የልጅ ልጆቹ አሉና። አያቱ አርበኛ የነበሩት ጓደኛችን “ለነሱ ክብር ነው፣ ይሁን” ስላለ ቀረልን። እሱን ስንጫወት ከሁሉም የሚያስቸግረው ግመሉ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው ወደ በላያ ሲወጡ ስንቅና ጥይቱ በሱዳን ግመል ነበር። ግመል ዳገትና ብርድ አይችልም፣ አብዛኛው መንገድ ላይ አለቀ። አብሯቸው የዘመተው የእንግሊዝ መኮንን ዊንጌት የያዘው መደበኛ ጦር ከሁለት ሺህ ያነሰ ነው፣ ከሱዳን ሻለቃና ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ። ከፊቱ ያለው ጣልያን ግን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ወታደር አይቀመጥም፣ የተገለበጠ ካርድ ነው የሚቀመጠው። ግማሹ ካርድ ባዶ ነው። ጣልያን የያዘው ሰው የትኛው አርበኛ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ አያውቅም። ቡሬን ይዞ እያለ በገዛ ፍርሃቱ ለቆ ይወጣል፣ ልክ እንደተደረገው። ደምበጫ አጠገብ ቻራቃ ወንዝ ላይ ግን ያ የሸሸው ጦር ከሁለተኛው ሻለቃ ጋር ድንገት ተፋጠጠ። እዚያ ላይ ባዶ ካርድ አያድንህም። የደምበጫ አንባቢ ካለ ይህን ከኛ በላይ ያውቀዋል።

አሁን ልለምን። ከላይ የራሳችን ወታደር ነው የሚያስጨንቀን ያልኩት ይህ ነው። ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ሁሉንም ነጭ ለባሽ፣ ሁሉንም ጎፈር ደፊ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ጎፈር የሚደፋው እኮ ጀግናና መኳንንት ነው። ተራው የጎጃም ገበሬ አድዋ ሲሄድ ምን ለብሶ ሄደ? ምን ያህሉ ውጅግራ ጠመንጃ፣ ምን ያህሉ ከግብጽ የተማረከ ሬሚንግተን ጠመንጃ፣ ምን ያህሉ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ ነበር? የጋሻው ጌጥ ከአገር አገር ይለያይ ነበር? የፈረሱ ዕቃስ? ለፈረሱ እንኳን በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ሄደን የኮርቻውን ቀለምና የሚንጠለጠለውን ጌጥ እያየን መጥተናል። ለጋሻው ግን የምናየው አጣን። ምስር በጥቁር ቀለም ቀብተን ቁጭ ብለናል።

ስለዚህ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከየትም፣ ቤቱ የአያት ጋሻ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ካለ አንድ ፎቶ ለዝግጅት ክፍሉ ቢልክልን፣ እናንተም ብታትሙት ትልቅ ውለታ ነው። ጋሻው ይሸጥ፣ ይምጣ አላልንም። ፊት ለፊቱን፣ ጎኑን፣ ከተቻለ ከኋላ መያዣውን። ከአጠገቡ ስንዝር ወይም ሜትር ቢቀመጥበት ልኩን እናውቃለን።

የካቲት 23 ደግሞ በራችንን ይዘን አደባባይ ላይ ልንወጣ አስበናል፣ ፈቃዱ ከተገኘ። ዳይሱን ይዘን ነው የምንወጣው። ለጣልያን የሚሆን ሰው ግን ይጎድለናል፣ የሚደፍር ይምጣ።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ማርቆስ